ቀይ ጠርዝ ያለው ሳህን

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ይቻላል! ይቻላል አልኩ፣ ይቻላል። ምን አባታቸው ያውቃሉና ነው አይቻልም የሚሉኝ? እማዬ፣ ኢብሳ፣ ጋሽ ወንደሰን፣ ዛሬ ሦስቱም በየተራ። «ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ጥብስ ቤት ገብቶ ሥጋ ሊበላ? ሐመልማል፣ ለየልሽ!» አልለየልኝም። አስቤበታለሁ።

የድሮ ክፍሌ ልጆች የአስራ ሁለተኛ ውጤት መጣላቸው። እኔ አስራ አንደኛ ላይ ለፊዚክሱ ቲቸር ዳስተሩን መልሼለት ወጣሁ። መጀመሪያ የወረወረው እሱ ነው፣ ይሄን ማንም አያወራም። እነሱ ጨረሱ፣ ስምንቱ አለፉ፣ ጥቅምት ሲገባ ይበተናሉ። ዙቤዳ ጅማ ነው የምትሄደው። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ካቋረጥኩ በኋላ እንኳን ሦስት ወር ያህል ኖቷን እየገለበጠች በየአርቡ ታመጣልኝ ነበር። አንዱንም አልገለጥኩትም። አልነገርኳትም።

እኔ የምሠራው ኮሪያ ቤት ነው። ጋሽ ወንደሰን ኮሪያ ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቶ መጥቶ የከፈተው ጥብስ ቤት። ጠረጴዛዎቹን እዚሁ አሰላ ብረት በያጅ ጋ መሃላቸውን አስቀድዶ ነው ያሠራቸው። ቀዳዳው ውስጥ ከሰል፣ ከላይ ፍርግርግ፣ ሥጋው ጥሬውን ይመጣል፣ ደንበኛው ራሱ ይጠብሳል። ችግሩ ሥጋው የክርስቲያን ነው። ከስምንቱ ደግሞ አራቱ ሙስሊም ናቸው፣ ዙቤዳና ኢብሳ ጭምር።

እና ምን አለበት? ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ከሰል፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ ሁለት ቢላ። ሥጋ ከሁለቱም ሥጋ ቤት። የሙስሊሙ አረንጓዴ ጠርዝ ባለው ሳህን፣ የክርስቲያኑ ቀይ ጠርዝ ባለው። ይሄን ሕፃን ልጅ አይሳሳተውም።

እማዬን «በዙቤዳ እህት በሶፊ ሰርግ አባታቸው ጋሽ ከዲሮ ለኛ ለክርስቲያኖቹ በግ አልሰጠንም? አንድ ግቢ አብረን አልበላንም?» አልኳት።

«በጉን ከነነፍሱ ነው የሰጠን። ያረደው የኛ ሰው፣ ድስቱ የኛ። አብረን የኖርነው ድስት ለይተን ነው፣ ልጄ። እሳት አጋጥመን አይደለም።»

ፋራ ነሽ ልላት ነበር። አላልኳትም። እሺ፣ በትንሹ ብያታለሁ።

ዙቤዳ ጋ ደወልኩ። «አንቺ ነሽ የምታቀርቢው?» አለች። እኔ ነኝ። «እንግዲያው እመጣለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አልበላም ነበር።»

ይኸው! ይቻላል።


መስከረም 9፣ ዓርብ

ሥራ በዝቶ ሞቻለሁ። ሳህኖቹን ገበያ አገኘሁ፣ ስድስት ቀይ ስድስት አረንጓዴ። ኦብሴ፣ ኩሽና ሥጋ የምትከትፈው፣ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድገው፣ ሳህኖቹን አይታ «ያ ሐሙ፣ የትራፊክ መብራት አደረግሽን» አለች። አሰላ ውስጥ የትራፊክ መብራት የት አይታ እንደሆነ እንጃ።

ጋሽ ወንደሰን እሺ ብሏል። «ኮሪያ እያለሁ ማንም ማንንም ምን በላህ አይለውም ነበር» አለ። ይሄ ከኮሪያ ያመጣው አስረኛ ተረት ነው። ከዛ ጣቱን ቀስሮ «ሳህኑ ያንቺ ኃላፊነት ነው» አለኝ።

የኔ ነው። እሺ።


መስከረም 11፣ እሁድ

ዛሬ 11 ሰዓት ላይ። አረንጓዴውን ከግራ፣ ቀዩን ከቀኝ ደርድሬያለሁ። ጸጉሬን ሁለቴ ሠራሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የአስተናጋጅ ሽርጥ ነው የምለብሰው።


መስከረም 12፣ ሰኞ

ምንድነው የሆነው? ቆይ። ምንድነው የሆነው?

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ስምንቱም በሰዓቱ መጡ። ጠረጴዛዎቹን አራርቄያቸው ነበር፣ «ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» ብለው ራሳቸው ገፍተው አገጣጠሟቸው። ከሰሉ ግን ሁለት ነው፣ አራቱ እዚህ፣ አራቱ እዚያ። እሺ ብዬ ተውኩት።

ሥጋው ቀረበ። አንገታቸውን አስግገው አዩት። ኢብሳ አንዷን ቁራጭ በመቆንጠጫ አንስቶ ወደ አምፖሉ ዘረጋትና «ሐሙ፣ በዚህ ውስጥ የጭላሎ ተራራ ይታየኛል» አለ። እውነቱን ነው፣ ስስ ነው፣ እንደዛ ነው የሚከተፈው። ሳቅኩ።

«ማን ነው የሚጠብሰው?» አለ ደግሞ።

«እናንተ።»

«እኔ ልጠብሰው ከሆነ ከቤት ምን አስወጣኝ?»

እንጀራ የለም ስላቸው ደግሞ ሰው የሞተ መሰለ። ኮሪያዎች በሚበሉበት ሁለት ቀጭን እንጨት መብላት አቅቷቸው በእጅ ጀመሩ። ጭሱ ዓይናቸውን አቃጠለው፣ የዙቤዳ ሻርፕ ላይ ፍም ተፈናጥሮ በሳው። ሥጋው ገና ሲያዩት ያርራል። ኪምቺ የሚባለውን ጎመን ትንቢት ቀመሰችው። ትንቢት የክፍላችን አንደኛ ናት፣ ሐኪም ልትሆን ነው፣ ይሄን ለማያውቅ ሰው ሁሉ ትናገራለች።

«ይሄ ጎመን ስንት ቀኑ ነው?»

«ሁለት ሳምንት። ሆን ተብሎ ነው።»

«ሆን ተብሎ!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። ሁሉም ሳቁ።

ከዛ ምን አደረገች? እጇን ከፍ አድርጋ፣ ጧ! ጧ! ጧ! አጨበጨበችልኝ። «አስተናጋጅ! ሥጋ ጨምሪ!» ብላ። አንድ ክፍል አብሬያት የተማርኩትን! ሰባተኛ ክፍል ፈተና ላይ ጠርታኝ መልስ የለመነችኝ ልጅ! ሁሉም ሳቀ። ሁሉም።

ጨስኩ። ኩሽና ገባሁ፣ በሩን ረገጥኩት፣ ሳህን ይዤ ወጣሁ። ለነዙቤዳ አስቀመጥኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። መስከረም ላይ እንደሚጠፋው ጠፋ። በከሰል ብርሃን ቀይ ይሁን አረንጓዴ ማን ይለያል? ማንም አይለይም።

ዙቤዳ ጠበሰች። በላች። ሌሎቹ ሦስቱ ገና አልነኩትም ነበር።

ጋሽ ወንደሰን በስልኩ መብራት ከኩሽና ወጣ። «የሙስሊሙ ሳህን እዚህ ቁጭ ብሏል፣ ቀዩ የት ሄደ?» አለ። እንደዚሁ፣ ጨው የት ሄደ እንደሚባለው።

የዙቤዳ አፍ ቆመ። መንጋጋዋ መሃል ላይ ቆመ። በጣቷ ከአፏ አወጣችው፣ ሶፍት ላይ አስቀመጠችው፣ ሶፍቱን አጠፈችው። ተነስታ ወጣች። ቦዩ ጋ ቁጭ ብላ አስመለሳት። ኢብሳ ውሃ ያዘላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አፏን ታጥባ ቀና ብላ አየችኝ።

ብትሰድበኝስ? ሰደበችኝ ብዬ እሰድባት ነበር፣ ያልቅ ነበር። ምንም አላለች። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሄደች።

ሻርፗ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። እዚህ ነው ያለው። ጥብስ ጥብስ ይሸታል።


መስከረም 13፣ ማክሰኞ

አስራ አራት ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም።

ጥፋቱ የመብራት ነው። ጠረጴዛ ያገጣጠሙት እነሱ ናቸው። ያጨበጨበችው ትንቢት ናት። ቀዩን ከአረንጓዴው አጠገብ ያስቀመጠ ማን ነው? እኔ በግራና በቀኝ ለይቼ ነው የሄድኩት።


መስከረም 15፣ ሐሙስ

ወሬው ከተማውን ዞረ። ገበያ ውስጥ አንዱ «ኮሪያ ቤት ሆን ብለው ነው ያበሏት» ሲል ሰማሁ። የጋሪው ሰውዬ ደግሞ «ውሻም ይጠብሳሉ አሉ» አለ። ፈረሱ ብቻ ነው ያላወራው። ለሁለቱም የምመልሰው ነበረኝ፣ ሌላ ቀን ቢሆን ልብሳቸውን ይዤ ነበር። ዛሬ ግን መንገድ ቀየርኩ።

ጋሽ ወንደሰን ፈርቷል። ትናንት ማንም አልመጣም፣ ዛሬም። ከሰዓት በኋላ ኦብሴን ጠራት። «ሳህኑን የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ። ሰው ማን አጠፋ ሲለኝ ምን ልበል? በቃ፣ እንለያይ።»

እሷ አልተከራከረችም። ሽርጧን ፈታች፣ አጥፋ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ቀዩን በቀኝ ነው ያስቀመጥኩት» ብቻ አለች። ለእሱ አይደለም ያለችው። እኔን እያየች ነው።

ጠረጴዛ እየጠረግኩ ነበር። ያንኑ ጠረጴዛ ሦስቴ ጠረግኩት።

ይጠራታል። ንዴቱ ሲበርድ ይጠራታል፣ እሱ እንደዛ ነው።


መስከረም 17፣ መስቀል

በእናቴ በአባቴ! እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም።

በጋሽ ከዲሮ እህል መጋዘን በኩል አላልፍም ብዬ ነበር። እማዬ ላከችኝና ሌላ መንገድ አልነበረም። አንገቴን ደፍቼ ልሮጥ ስል «ነዪ፣ ኢንተላ ኮ» አለ። ልጄ ነዪ ማለቱ ነው፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደዛ ነው የሚጠራኝ። አሁን ይመታኛል አልኩ። ይምታኝ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት።

የገብስ ጆንያ ላይ አስቀመጠኝ።

«ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«ስሚኝ። ዙቤዳ ሳታውቅ በላች። ሳያውቁ የበሉትን አላህ አይዝባቸውም። አንቺም ሳታውቂ ሰጠሽ። ልጆች ናችሁ፣ መብራት ጠፋ፣ አለቀ። የሚጠየቅ ያወቀ ነው።»

ጆንያው ውስጥ ልገባ ፈለግኩ።

«ዙቤዳ አለች?» አልኩት።

«አለች። ዕቃዋን ትሸክፋለች። ከሐሙ ጋር ታረቂ ብዬ ብለምናት ዝም ነው። እኔ እሷን አውቃታለሁ፣ በሥጋ ብቻ እንዲህ አትሆንም። ሌላ ነገር ተባባላችሁ?»

«አልተባባልንም፣ ጋሼ።»

ልሄድ ስነሳ ከጓሮ ዶሮ አስመጣ። በየዓመቱ ለመስቀል ለእማዬ እንደሚልከው። ዘንድሮም። ዘንድሮም! ከነነፍሱ፣ እግሩ ታስሮ። «ለየሺሃረግ እንኳን አደረሰሽ በይልኝ።»

ዶሮው እስከ ቤት ድረስ በክንዴ ውስጥ ይሞቃል። ልቡ ሲመታ ይሰማኛል። እማዬ ወጡን ሠራችው። አልበላሁም። አሞኛል አልኩ።


መስከረም 18፣ እሁድ

የሚጠየቅ ያወቀ ነው። የሚጠየቅ ያወቀ ነው። ሰውዬው ለምን አልመታኝም?


መስከረም 21፣ ረቡዕ

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ደንበኛ እንደማይኖር አውቆ ኢብሳ መጣ። አልተቀመጠም። «አንድ ነገር ላሳይሽ» አለ።

ያን ቀን ለቲክቶክ ቀርጾ ነበር ለካ። እኔ አላየሁትም። ዙቤዳ እየሳቀች ሥጋ ስታገላብጥ ነው የሚያሳየው። ከኋላ እኔ ሳህን ይዤ እመጣለሁ። አምፖሉ ከራሴ በላይ ቦግ ብሎ ይበራል።

«በርቷል» አለኝ።

«ካሜራ ነው፣ ካሜራ ያበራል» አልኩ። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ድምፁን ጨመረው። የዙቤዳ ድምፅ፦ «ሐሙ፣ ይሄ የኛ ነው?» ከዛ የሌላ ሴት ድምፅ፣ የሚያስጠላ፣ ደረቅ፣ እንደ ተሰበረ ሸክላ፦ «ብዪ።»

ከዛ መብራት ጠፋ።

«አጠገቧ ነበርኩ እኮ» አለ ኢብሳ። «ስትጠይቅሽ ሰምቻለሁ። አልለጥፈውም፣ አትፍሪ። ለማንም አላሳየሁም።»

«ውጣልኝ!» አልኩት። መቆንጠጫውን ወረወርኩበት። ዳስተር ቢሆን ያገኘው ነበር። ወጣ።

ያ ድምፅ የኔ ነው? እኔ ስናገር እንደዛ ነኝ?


መስከረም 24፣ ቅዳሜ

መናኸሪያ በር ላይ ኦብሴ በቆሎ እየጠበሰች አየኋት። ትንሿ ልጇ ጀርባዋ ላይ ናት። ልሸሽ ስል አየችኝ። «ያ ሐሙ! ነዪ ብዪ፣ በርዶሻል» ብላ ትኩሱን ሰጠችኝ። ብር አልቀበልም አለች። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እነዚህ? ሁሉም ይሰጡኛል! አንድ እንኳን የሚመታኝ የለም?

ቆሜ በላሁት። ስበላ ከእሳቱ ላይ ቀና ብላ አየችኝና «መብራቱ የጠፋው ሳህኑን ከወሰድሽ በኋላ ነው፣ አይደል?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። የረሳችውን ነገር እንደምታስታውስ ሰው።

ቆረቆንዳውን ይዤ ሄድኩ።

ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፣ ሽርጧን አጥፋ ሄደች።


መስከረም 28፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ዙቤዳ ሰኞ ትሄዳለች፣ ጥቅምት 3። ሶፊን መንገድ ላይ አግኝቼ ነው የሰማሁት። ሰላም ሳትለኝ ነው የነገረችኝ።

አምስት ቀን።


ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ለጋሽ ወንደሰን ነገርኩት። ከሰል እያቀጣጠለ ነበር። «ኦብሴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። መብራት በርቶ ነበር። አይቼዋለሁ» አልኩት፣ ባንድ ትንፋሽ።

ማራገቢያው ከእጁ ወደቀ። ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ስለ ኮሪያ ምንም አላለም። «አይተሽ?» አለ። «አይተሽ ሰጠሻት?» በር አሳየኝ።

ሽርጤን አጥፌ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት ኦብሴ ጋ ሲሄድ አየሁት፣ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። ትመለስ አትመለስ አላውቅም። እሷ ትወስን።


ጥቅምት 2፣ እሁድ

ዙቤዳ፣ ይሄ ገጽ ያንቺ ነው። ደብተሩን ኢብሳ ያመጣልሻል፣ ሻርፕሽንም። ስለ መቆንጠጫው ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እሱ ሰው ነው፣ ሳቀ። ከፊት ያለውን ሁሉ አንብቢው፣ አልቀደድኩትም። መብራት ጠፍቶ ነበር ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ አይተሽ ሳቂብኝ።

አሁን እውነቱን። ትንቢት ስታጨበጭብልኝ ምንም አልነበረም። ትንቢትን ምን ልጠብቅባት? እኔ አንቺን አየሁ። ስትስቂ አየሁሽ። ምናልባት በሷ ነው የሳቅሽው፣ ምናልባት በጎመኑ፣ ምናልባት ጭሱ ነው። አልጠየቅኩሽም። እኔ ያየሁት በኔ ስትስቂ ነው።

ኩሽና ውስጥ በንዴት የያዝኩትን ያዝኩ። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፣ በአላህም በማርያምም። ግን መሃል መንገድ ላይ ዝቅ ብዬ አየሁት። ቀይ ነው። አየሁት፣ ዙቤዳ። መመለስ ነበረብኝ። ለነትንቢት ላስቀምጠው ብል በጭብጨባዋ መታዘዝ ነው። መመለስ ማለት ደግሞ በትንቢት ፊት ሳህን ይዤ ሁለተኛ ማለፍ ነው፣ ሁለተኛ እንድታጨበጭብልኝ። ስድስት እርምጃ ነበር። ስድስት እርምጃ አልሄድም ብዬ ቀዩን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። የቀረውን ሳህኑ ላይ የተደራረበው ሥጋ ከሞላ ጎደል ሸፍኖት ነበር።

ከዛ ጠየቅሽኝ። «ይሄ የኛ ነው?» ስትይኝ ዓይንሽ ሳህኑ ላይ አልነበረም፣ እኔ ላይ ነበር። ሳህኑን ብታዪው ኖሮ ቀዩን ታዪ ነበር። እኔን ነው ያየሽው። «ብዪ» አልኩሽ።

አባትሽ የሚጠየቅ ያወቀ ነው አሉኝ። ያወቅኩት እኔ ነኝ። አንቺ ንጹሕ ነሽ፣ እሳቸውም ብለዋል፣ ያንን ይዘሽ ሂጂ። አንቺ ግን ድምፄን ሰምተሽ ጠርጥረሽ ነበር፣ አይደል? ለዚህ ነው ለእሳቸው እንኳን ያልነገርሽው። ደብቀሽልኝ ነው ሃያ ቀን ዝም ያልሽው። እኔ ደግሞ ሃያ ቀን ተናዳ ዝም አለችኝ ብዬ!

ለእሳቸው አሁን ራሴ እነግራቸዋለሁ። ካንቺ በኋላ ግን። ዶሮ ከነነፍሱ ለሰጠኝ ሰው ካንቺ በፊት ሄጄ ማልቀስ አልፈልግም።

ኖቶችሽን ትናንት ገለጥኳቸው። አስራ አንድ ናቸው። በሁሉም መጨረሻ ገጽ ላይ «ጥያቄ ካለሽ ደውዪ» ብለሽ ጽፈሻል። በአስራ አንዱም። ዓመት ሙሉ አልጋዬ ስር ነበሩ።

ጥያቄ አለኝ እንግዲህ። ይቅር በዪኝ አልልም፣ ያ ያንቺ ጉዳይ ነው። ስደቢኝ ነው የምልሽ። ቦዩ ጋ ያላልሽውን በዪኝ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ የምታውቂውን ሁሉ። አልመልስልሽም። እኔ! አልመልስልሽም፣ ይሄንን ለማየት እንኳን አትጓጊም?

ደብተሩ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርስሻል። አውቶቡስሽ ነገ ንጋት ላይ ነው። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በራችን ላይ ተቀምጫለሁ፣ እማዬ ብትጠራኝም አልነሳም። ፀሐይዋ በዝዋይ በኩል ሳትገባ፣ ለመግሪብ ውዱእ ሳታደርጊ በፊት፣ ደውዪ። በኢብሳ አትላኪብኝ፣ ሚስኮል አታድርጊብኝ። አንቺ ራስሽ። ዛሬ። ሳይመሽ ደውዪልኝ።